ከወደቁ በኋላ እንደገና መዝለል፦ የሞቶክሮስ ጥያቄና መልስ

ስለ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ጉብታ ላይ ስለሚነዳ ሞተርና ዝላዩ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ከጉብታ ላይ ያልወደቀ የለም እንዴ? አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ በፊት እዘል ነበር፣ ከወደቅኩ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያው እጀምራለሁ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ አምና አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጉብታ ስዘል የሞተሩ ፊት ተደፍቶ የእጄ አንጓ ተሰበረ። አሁን ድኗል፣ ሐኪሙም መንዳት ትችላለህ ብሎኛል። ግን ጉብታው ጋ ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ጋዝ ይዘጋል። ፍርሃቱን እንዴት ላጥፋው?

ፍርሃቱን ለጊዜው ተወው። የምታስተካክለው እጅህን ነው። አየህ፣ የሚጥልህ መፍራትህ ሳይሆን ፈርተህ ጫፉ ላይ ጋዝ መዝጋትህ ነው። ጋዝ ሲዘጋ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት አሞርዛተር ይጨመቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለህ መሬቱ ካለቀ ፊቱ ይደፋል። አምና የደረሰብህም ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ጉዳት አለው። መነሻው 30 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ፣ ጠፍጣፋው 9 ሜትር የሆነ ጉብታ እንውሰድ። በስሌት ጠፍጣፋውን ለማለፍ በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይበቃል። በ32 ከተነሳህ የምታርፈው 7 ሜትር ላይ ነው፤ ጠፍጣፋው ላይ መሆኑ ነው። በ40 ከሄድክ ወደ 11 ሜትር ትደርሳለህ፣ ቁልቁለቱ ይቀበልሃል። 4 ኪሎ ሜትር ማለት እጅህ ላይ የምታውቃት እንኳ አይደለችም። መሬት ላይ ግን ወዲህም ወዲያም 2 ሜትር ናት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ትንሽ መያዝ ጥንቃቄ ይመስልሃል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ካልተመቸህ መዝጋት ያለብህ ገና ከሩቅ፣ ሜዳው ላይ ሳለህ ነው። ያኔ ቀስ ብለህ ጉብታውን ወጥተህ ትወርዳለህ፣ ማንም አይጎዳም።

አሁን ሥራው። ትልቁን ጉብታ እርሳው። ከፍታው እስከ ጉልበትህ የማይደርስ፣ ማረፊያው ቁልቁል የሆነ ትንሽ ጉብታ ፈልግ። መጀመሪያ ጎማው ከመሬት ሳይለቅ ደጋግመህ ውጣ ውረድ። ከዚያ መንደርደሪያው ላይ፣ ከጉብታው እግር 10 ሜትር ያህል ቀደም ብለህ እንጨት ትከል። ማርሽም ጋዝም የሚስተካከለው እንጨቱ ጋ ሳትደርስ ነው። ከእንጨቱ በኋላ እስከ ጫፉ ድረስ እጅህ ባለበት ይቆያል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዓይንህ ጫፉን አይይ፣ አሻግሮ ማረፊያውን ይይ።

ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽህ። ስታየው ግን መጀመሪያ ስልኩን ገልብጠህ ድምፁን ብቻ ስማ። የሞተሩ ድምፅ ከእንጨቱ እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ከሆነ ጎሽ። ጫፉ ሊደርስ ሲል ዝቅ ካለ እጅህ ዘግቷል፣ አንተ አልዘጋሁም ብትል እንኳ። ድምፁ በተከታታይ እስኪስተካከል ድረስ ፍጥነት አትጨምር። በአጋጣሚ የመጣችልህን አንዲት ጥሩ ዝላይ እንደ ፈተና ማለፊያ አትቁጠራት።

አንጓህንም አትርሳ። አጥንቱ ጠገነ ማለት ጡንቻው ተመለሰ ማለት አይደለም። መሪውን ጨምቀህ ለረጅም ጊዜ መያዝ ካቃተህ፣ ወይም እጅህን መሬት ላይ ደግፈህ ፑሽ አፕ ስትሠራ ካመመህ፣ ለመዝለል ጊዜው ገና ነው።

ከባሕር ዳር፦ አየር ላይ ከወጣሁ በኋላ ፊቱ ሲደፋ ወይም ሲነሳ የማደርገው ነገር አለ? ወይስ አንዴ ከተለቀቀ አበቃለት?

አለ። ሁለት መሣሪያ አለህ፣ ሁለቱም የሚሠሩት በኋላ ጎማ ነው።

ፊቱ እየተደፋ ከሆነ ጋዝ ስጥ። የኋላ ጎማ አየር ላይ ፍጥነቱን ሲጨምር የሞተሩ አካል በተቃራኒው ይዞራል፣ ፊቱ ቀና ይላል። ፊቱ በጣም ከተነሳ ደግሞ ፍሪሲዮን ይዘህ የኋላ ፍሬኑን ጠቅ አድርግ። ሲሽከረከር የነበረው ጎማ ሲቆም ሽክርክሪቱ ወደ ሞተሩ አካል ይተላለፋል፣ ፊቱ ዝቅ ይላል። ፍሪሲዮኑን ካልያዝክ ሞተሩ ሊጠፋብህ ይችላል። ጠፍቶ፣ የኋላ ጎማው ታስሮ መሬት ከመንካት ይሰውርህ።

ግን ይህ ማስተካከያ ነው። ፍሬኑ የሚረዳህ ጎማው እስኪቆም ድረስ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የለውም። በየዝላዩ ፍሬን የምትረግጥ ከሆነ ችግሩ መሬት ላይ ነው ያለው። ወይ ጫፉ ላይ ጋዝ ትጨምራለህ፣ ወይ ወደ ኋላ ተንጠልጥለህ ነው የምትነሳው።

በነገራችን ላይ ስታርፍ ትንሽ ጋዝ ይኑር። ጎማው እየነዳ መሬት ከነካ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተዘግቶ ከነካ ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል።

ከእንጅባራ፦ ቆመህ ዝለል ይሉኛል። ስቆም ግን እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እጄም ይዝላል። ቁጭ ብዬ ብዘልስ?

ቁጭ ብሎ መዝለል አለ፣ ለሚችሉት ነው። መቀመጫው ላይ ከሆንክ የኋላ አሞርዛተር ሲመልስ አንተንም ይዞህ ይነሳል። በራስ መተማመኑን ገና እየመለሰ ላለ ሰው አይሆንም።

አንተ ደግሞ መምህሮቹ ሰፈርህ ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ጋላቢዎቹን አስተውል። ፈረሱ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ ሰውየው እርካቡን ረግጦ ከፍ ብሎ፣ በጉልበቱ ይዞ ነው የሚሄደው። ልጓሙ ላይ አይንጠለጠልም። ያው ነው። የእግርህ ሰፊው ክፍል መርገጫው ላይ ይሁን፣ በጉልበትህ ታንከሩን ያዝ፣ ክርንህን ወደ ውጭ አውጣ፣ ራስህ ከመሪው በላይ ይሁን። እጅህ የሚዝለው በጉልበት ፋንታ በእጅ ስለያዝክ ነው። ሰውነትህን አታድርቀው። አየር ላይ እንደ ግንድ የደረቀ ነጂ ሞተሩ ወደ ፈለገው ይወስደዋል።

እግርህ የሚንቀጠቀጠው ስላልለመደ ነው። ሜዳ ላይ፣ ያለ ዝላይ፣ መቀመጫ ሳትነካ ተመላለስ።

ከዳንግላ፦ ቦክሰር አለኝ። በእሱ መለማመድ እችላለሁ?

አትችልም። መቆምን፣ ጋዝን፣ ፍሬንን ተለማመድበት፤ ጎማው ግን መሬት አይልቀቅ።

የሞቶክሮስ ሞተር አሞርዛተር 300 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። የቦክሰር የፊቱ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከ1 ሜትር ተኩል ከፍታ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ብትወርድ፣ ወደ ታች የምትመታው በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ያንን የሚውጥ ነገር ከሌለ ቸርኬው ይውጠዋል፣ ከዚያ ሻሲው፣ ከዚያ ወገብህ። ቦክሰር ሰውና ጤፍ እንዲጭን የተሠራ ጎበዝ ሞተር ነው። ተወው፣ ይጫን።

ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ያማሃ ዲቲ ወይም ሆንዳ ኤክስ ኤል ብታገኝ ለትንሽ ጉብታ ይሻልሃል። ከመግዛትህ በፊት የአሞርዛተሩን ዘይት መፍሰስና የሻሲውን ብየዳ እይ። የተበየደ ሻሲ ለዝላይ አይሆንም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከትናንት ወዲያ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ወጌሻ አሰረልኝ። ከትናንት ጀምሮ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ይቀዘቅዛሉም። በስንት ቀን መንዳት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ መንዳቱን እርሳና ይህን እንዳነበብክ ሆስፒታል ሂድ። ነገ አትበል። መደንዘዝና መቀዝቀዝ ማለት እስሩ ደም እየከለከለ ሊሆን ይችላል። ጣቱ ከጠቆረ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ጉዳዩ እግር እስከማጣት ይደርሳል። በአገራችን አጥብቆ በማሰር የተነሳ እጅና እግር የተቆረጠባቸው ብዙ ናቸው። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ውልቃትና ስብራት በጣት ተዳስሶ ሁልጊዜ አይለይም፣ ራጅ ያስፈልገዋል።

ራሳችሁን ለተመታችሁም ይኸው ነው። ከወደቃችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ፣ ከዞረባችሁ፣ የሆነውን ካላስታወሳችሁ፣ የዚያን ቀን ሞተር ላይ መመለስ የለም። ራስ ምታቱ ሳይለቅ ደግሞ መውደቅ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ከቢቸና፦ ቦታ የለንም። የት እንለማመድ?

ቦታ አላችሁ፣ አፈሩ ነው የሚያስቸግራችሁ። የእናንተ ዋልካ በክረምት ጎማና ጭቃ ጠባቂው መሃል እየተጠቀለለ ያቆማችኋል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የፊት ጎማ ይይዛል፣ ያውም በሣር ተሸፍኖ ነው። ቀይ አፈር ያለበት ጋራ ሥር ፈልጉ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበት አለው። መጋቢት ላይ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ነው።

ገደላገደልና የተሠራ እርከን አትንኩ። እርከኑ የሰው ልፋት ነው፣ አፈሩንም የያዘው እሱ ነው። ባለመሬቱን አስፈቅዱ። እረኞች መኖራቸው ስለማይቀር አንድ ሰው ሁልጊዜ ጉብታው ማዶ ይቁም፤ እጁን ካነሳ ማንም አይነሳም። ከጉብታ ወዲያ ያለ ጥጃ ከወዲህ አይታይም።

ከባሕር ዳር፣ አንዲት እህታችን፦ 50 ኪሎ ነኝ። ሳርፍ ሞተሩ ኋላው እንደገና ይዘልና ወደ ፊት ይወረውረኛል። የእኔ ጥፋት ነው?

የአንቺ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ከ75 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ተስተካክሎ ይሆናል።

እንዲህ ለኪው። የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲለቅ ሞተሩን ማቆሚያ ላይ አስቀምጪ። ከጎማው መሃል እስከ መቀመጫው ሥር ያለውን ለኪ። ከዚያ አውርደሽ፣ ሙሉ ልብስሽን ለብሰሽ መርገጫው ላይ ቁሚ፣ ሌላ ሰው ደግፎሽ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ በሙሉ መጠን የሞቶክሮስ ሞተር ላይ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በብዙ ካነሰ ስፕሪንጉ ላንቺ ጠንካራ ነው። ስፕሪንጉን የሚያጠብቀውን ቀለበት አላዪው፤ በዚያ ካልመጣ ስፕሪንግ መቀየር ነው።

ቀጥሎ አሞርዛተሩ ሲመለስ ያለውን ፍጥነት የምትቆጣጠረውን ብሎን ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ናት። በየጊዜው አንድ ሁለት ጠቅታ ብቻ ወደ ዝግታ አዙሪና ሞክሪ። የጎማ ነፋስም አይብዛ፤ ለአፈር ከ12 እስከ 15 ፒ ኤስ አይ ይበቃል። ጎሚስታው እንደ መንገድ ሞተር 30 ሊሞላልሽ ይችላልና ቆመሽ አስለኪው።

ከሞጣ፦ ወደ ጮቄ በኩል ስንሄድ ሞተሩ ይታፈናል። ዝላይ ላይ አያደርስም።

አየሩ ሳስቷል። በየ1,000 ሜትሩ ኃይሉ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ እንኳ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ካርቡሬተር ከሆነ ነዳጁ ለአየሩ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መካኒክ ነዳጁን ይቀንስልህ፣ ባሕር ዳር ስትወርድ ግን ይመለስ። መንደርደሪያህን አርዝም፣ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርግ።

አንድ አባት፣ ከቡሬ፦ ልጄ ካልዘለልኩ ብሎ አስቸግሮኛል። እባክዎ እንዲተው ይምከሩልኝ።

አባቴ፣ እንዲተው ብመክረው አይሰማኝም፣ ተደብቆ ነው የሚዘለው። እርስዎ ይልቅ ልብሱን ይጠይቁት። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ መነጽር፣ የደረትና የጉልበት መከላከያ፣ እስከ ባት የሚደርስ ጠንካራ ቡት ጫማ፣ ጓንት። ሄልሜቱ አንዴ በደንብ ከተመታ ይቀየር፤ ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው በመጨፍለቅ ነው፣ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ሸበጥ አድርጎ ሲወጣ ካዩት ቁልፉን ይቀሙት።

ከመራዊ፦ ጓደኞቼ መሃሉ ባዶ የሆነውን ጥንድ ጉብታ ይዘላሉ። እኔ ከወደቅኩ ወዲህ ጠፍጣፋውን ብቻ ነው፤ ፈሪ ይሉኛል።

ይበሉ። ጠፍጣፋ አናት ላይ ቢያጥርብህ ትደናገጣለህ እንጂ ትነዳለህ። ጥንዱ ላይ ቢያጥርብህ ሁለተኛው ጉብታ ደረትህን ይጠብቃል። መጀመሪያ የጥንዱን ርቀት በሜትር ለካ፣ ከዚያ ያንኑ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ጉብታ ላይ ቁልቁለቱን በየዙሩ ሳታጎድል ማረፍ ስትችል እንነጋገራለን። ነፋስ ባለበት ከሰዓት አይሆንም፣ ጠዋት ይሁን። ከፊትህም የሚሄድ የምታምነው ሰው ካለ ከኋላው ተከትለህ፣ ጋዙን ሳይሆን ፍጥነቱን ብቻ አጥና፤ በእሱ ሞተር 2ኛ ማርሽ ባንተ 3ኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ካቴናና ስለ ዘይት የጠየቃችሁኝ፣ አልረሳኋችሁም። እሱ ለብቻው ይምጣ።