ወንዱ ንብ ከኦርኪድ አበባ ምን ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች የሚኖሩት የኦርኪድ ንቦች ጣፋጭ ፈሳሽ በሌለው አበባ ላይ ለምን ያርፋሉ?

መልስ፦ የሚያርፉት ወንዶቹ ሲሆኑ፣ የሚፈልጉትም ምግብ ሳይሆን መዓዛ ነው። ወንዱ ንብ ከአበባ፣ ከፈንገስና ከበሰበሰ እንጨት ጭምር የሚለቅመውን ሽታ በኋለኞቹ እግሮቹ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች እያጠራቀመ የራሱን ቅይጥ ሽቶ ያዘጋጃል፤ ለሴቶቹም የሚያሰራጨው ይህንኑ ነው። አበባው ግን መዓዛውን በነፃ አይሰጥም። ኮርያንተስ የተባለው ኦርኪድ (ተንኮለኛ ብንለው አያስወቅሰንም) ንቡን ባልዲ በሚመስለው ክፍሉ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይጥለውና፣ በጠባቡ መውጫ እየተጋፋ ሲወጣ የአበባ ብናኝ ጥቅሉን ገላው ላይ ይለጥፍበታል፤ ንቡ በሌላ ኮርያንተስ ዳግመኛ ሲወድቅ ብናኙ እዚያ ይደርሳል። ሴቶቹ በበኩላቸው ለምግብ ሲሰማሩ፣ ክዳን መሰሉን አበባ ለመክፈት ጉልበት የሚጠይቀው የአማዞኑ የብራዚል ለውዝ ዛፍ እንዲያፈራ ከሚያግዙት ትላልቅ ንቦች መካከል ይቆጠራሉ።