የጨለማ ፍቅር ልብ ወለድ ለምታነቡ ልጆቼ

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች፣

«ዳርክ ሮማንስ» የሚባሉትን ልብ ወለዶች በቴሌግራም እየተቀባበላችሁ እንደምታነቡ የሰማሁት ቢሮዬ ለልምምድ ከሚመጡ የሕግ ተማሪዎች ነው። አንዱን ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ ከዚያም ሌሎችን ጨመርሁ። ይህን የምጽፈው ልከለክላችሁ አይደለም። የቤተሰብ ክርክር ይዤ በደሴ ፍርድ ቤቶች ስመላለስ የኖርሁ ጠበቃ በመሆኔ፣ እነዚህ መጻሕፍት የሚተርኩትን ነገር በአቤቱታ ወረቀት ላይ ተጽፎ አውቀዋለሁና ነው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ባለጸጋና አስፈሪ የሆነ ወንድ አንዲትን ወጣት ከምታውቀው ዓለም ነጥሎ በግቢው ያስቀምጣታል፤ ስልኳን ይወስዳል፣ የምትለብሰውን ይመርጣል፣ አንዳንዴም አዲስ ስም ያወጣላታል። እሷም ማን እንደነበረች እየጠፋባት፣ ነጻነቷን እየናፈቀች፣ ያንኑ ያሰራትን ሰው ትወደዋለች። በመጨረሻ እሱ ይለወጣል፤ እሷም ወድዳ ትቀራለች። የናፍቆቱ ክፍል ካነበብኋቸው በአንዳንዶቹ እጅግ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል፤ ስለዚህ ብትወዱት አልፈርድባችሁም። ስም ማውጣቱም በራሱ ክፉ አይደለም፤ በእኛም ሀገር አማት ለሙሽራዋ የፍቅር ስም ታወጣላታለች። ሙሽራዋ ግን እናቷ ቤት ስትሄድ በቀድሞ ስሟ የሚጠራት ሰው አላት፤ የልብ ወለዷ ሴት ይህ ሰው የላትም።

ልጆቼ፣ ደራሲዎቹ የሚያደርጉትን ልብ በሉ። ብዙዎቹ አንዱን ምዕራፍ በእሷ፣ ቀጣዩን በእሱ አንደበት ይተርካሉ። በሩን የሚቆልፈው ሰው በልቡ እንደሚሠቃይ፣ ልጅ ሳለ ምን እንደደረሰበት፣ ሊገድላት እንደማይችል አንባቢው ያውቃል፤ ፍርሃታችሁም የሚበርደው በዚህ ነው። እሷ ግን ያንን ምዕራፍ አላነበበችም። እናንተም በኑሯችሁ የማንንም ሰው ልብ እንዲህ ገልጣችሁ አታነቡም፤ የምታዩት የሚያደርገውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንባቢ ሲጨንቀው መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል።

ከያዝኋቸው ጉዳዮች አንዱን፣ የባለጉዳይዋን ማንነት ሳልገልጽ ላንሳ። ኮምቦልቻ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣት ነበረች። ደመወዟ በስሟ ባንክ ይገባል፤ የኤቲኤም ካርዷ ግን ባሏ ኪስ ውስጥ ነው፣ የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከፈረቃ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጥቂት ከዘገየች ሲም ካርዷን አውጥቶ ይሰብረዋል። መታወቂያዋንም «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ እናቱ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ጎረቤቱ «ምን ያህል ቢወዳት ነው!» ይል ነበር፤ እሷም ብዙ ጊዜ አምናው ኖራለች። አቤቱታውን ስንጽፍ ስለ ዱላው ዓይኗ ሳይረጥብ ነገረችኝ፤ እንባዋ የመጣው ከጓደኞቿ ጋር ቡና ከጠጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት ስጠይቃትና ማስታወስ ሲያቅታት ነው።

በሠርግ የሚያበቃውን የእገታ ታሪክ ሳነብ ትዝ የሚለኝ አሮጌው ሕጋችን ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ሴት የጠለፈ ሰው ኋላ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶለት ነበር። መጨረሻው ሠርግ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ጩኸት እንዳልተሰማ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ከዚያ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። ይህ ለውጥ እንዲመጣ ብዙ ሴቶች ደክመዋል። መጽሐፉ ያንን አሮጌ ፍርድ አሳምሮ ሲያቀርብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትቀበሉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ፍቅረኛችሁን በትንሽ ነገር እዩት። «ዛሬ ፒያሳ አልመጣም፣ ከእኅቴ ጋር ሰኞ ገበያ እሄዳለሁ» በሉት። ቅር ቢለው ሰው ነው፤ ከኩርፊያው በኋላ ግን የምትሄጂበትን ሁሉ ማስፈቀድ ከጀመርሽ፣ ነገሩ ያኔውኑ ተጀምሯል። ወንዶች ልጆቼ፣ እናንተም ቅናት የወንድነት መለኪያ እንደሆነ ሲነገራችሁ አድጋችኋል፤ ልብ ወለዱም ይህንኑ ይደግምላችኋል። የምትወዷት ልጅ ስልኳን በእጃችሁ ስታይ ፊቷ ከተለዋወጠ፣ በፊቷ ያያችሁት ፍርሃት እንጂ ፍቅር አይደለም።

በመጽሐፉ ውስጥ የገዛ ቤታችሁን ያያችሁ ካላችሁ፣ ከባላችሁ ወይም ከፍቅረኛችሁ በፊት ለሚያውቃችሁ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ። የዛቻ መልእክቶችን አታጥፉ፤ የመታወቂያችሁንና የባንክ ደብተራችሁን ፎቶ ኮፒ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ሽማግሌ ሊያስታርቃችሁ ቢመጣ አክብራችሁ ስሙት፤ ነገር ግን ለፍቺ የእሱም ሆነ የባላችሁ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻውን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።