አበባው ሞልቶ ፍሬው የት ገባ?

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ በቱላ አሥራ ሁለት የሃስ አቮካዶ ዛፎች አሉኝ። ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ቅጠል እስኪሸፍን ያብባሉ፤ የሚይዙት ፍሬ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጎረቤቴ «ወንድ ስለሆኑ ቁረጣቸው» ይለኛል። እሱ ደግሞ አጥሬ ሥር የአገር አቮካዶ ሊተክል ነው። ተዳቅሎ ፍሬዬን አያበላሽብኝም? ከደህናው ዛፍ ፍሬውን ዘርቼ ብጨምርስ?

መልስ፦ መጥረቢያውን ያስቀምጡት። ወንድ ዛፍ የሚባል ነገር ያለው ፓፓያ ነው፤ ጎረቤትዎ ከዚያ ወስደውት ይሆናል። የአቮካዶ አበባ እያንዳንዱ ሴትም ወንድም ነው፤ ችግሩ ተራ መጠበቁ ነው። የሃስ አበባ ጠዋት በሴትነት ይከፈትና እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት ተከፍቶ ብናኙን ይሰጣል። በአበባ ወራት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። መሐል ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ብቻዋን ቆማ ዙሪያዋን ያሉት ክሮች ወደ ውጭ ከተኙ፣ አበባው ሴት ነው። ከሰዓት ሲመለሱ የሚያገኙት ሌላ አበባ ክሮቹ ቀጥ ብለው ብናኝ ያዘሉ ይሆናሉ።

አሥራ ሁለቱም ሃስ ስለሆኑ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሴት፣ በአንድ ሰዓት ወንድ ይሆናሉ። የአየሩ ሁኔታ ሰዓታቸውን ስለሚያዛባው ጥቂት ፍሬ ይያዝልዎታል፤ ያንን ነው እስካሁን የለቀሙት። ፉርቴና ኤቲንገር የሚባሉት የአቮካዶ ዝርያዎች ግን ተራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ የእርስዎ ሃስ ጠዋት ሴት ሲሆን እነሱ ወንድ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ችግኝ በመካከል ይትከሉ። እኔ ብሆን ከዚያ በፊት ከፉርቴ ዛፍ ቡቃያ ወስጄ በአንዱ ሃስ ቅርንጫፍ ላይ አስቀጥል ነበር፤ አዲስ ችግኝ እስኪያብብ ከመጠበቅ ይፈጥናል።

የአቮካዶ ብናኝ ስለሚጣበቅ ነፋስ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልም፤ ሥራው የንብ ነው። ከጓሮዎ ቀፎ ቢያኖሩ ማርም ያገኛሉ። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨት ግን የገዛ ሠራተኛን መግደል ነው። መዳቀል፣ ማለትም ከሌላ ዛፍ ብናኝ መቀበል፣ ጥቅሙ የጎላውን ያህል ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ንብ ከቀረ ወይም አጋር ዛፍ ከታጣ ምርቱ ይቀንሳል።

የጎረቤትዎ ዛፍ አያሳስብዎት። ሥጋውና ልጣጩ የእናት ዛፏ ናቸው፤ የተዳቀለው መሐል ያለው ዘር ብቻ ነው። እንዲያውም የአበባ ሰዓቱ ከእርስዎ ከተለየ ይጠቅምዎታል። በቆሎ ላይ ቢሆን ሌላ መልስ እሰጥዎት ነበር። እዚያ የምንበላው ራሱ ዘሩ በመሆኑ የጎረቤት ቢጫ በቆሎ በነጩ ራስ ላይ በዚያው ወቅት ቢጫ ፍሬ ጣል ጣል ያደርጋል፤ ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ ከሌላው ቢያንስ 200 ሜትር ይርቃል።

የመጨረሻውን ሐሳብዎን ግን ይተዉት። የሃስ ፍሬ ቢዘራ ሃስ አይወጣውም፤ አባቱ ማን እንደሆነ ንቧ ብቻ ታውቃለች። እርግጥ ሃስ ራሱ የተገኘው በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስተኛ ከዘራው ፍሬ በአጋጣሚ ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበው። የእርስዎ ማሳ ግን ዕጣ የሚወጣበት አይደለም። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ «የተዳቀለ አቮካዶ» የምንለው ስም ያሳስታል፤ ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ እንጂ የተዳቀለ አይደለም፤ የሚቀጠለውም መዳቀል የሚያመጣውን መለያየት ለመሸሽ ነው። ፍሬውን መዝራት ከፈለጉ ችግኙ በቅሎ ግንዱ እርሳስ ሲያህል ከደህናው ዛፍዎ ቡቃያ ያስቀጥሉበት።

አጋር ዛፍ ገብቶ፣ ንብ እየተመላለሰ አሁንም ካልያዘ፣ በአበባው ወራት አፈሩ ደርቆ እንደነበር ይመርምሩ። አምና ብዙ ይዘው ከነበረ ደግሞ ዘንድሮ እያረፉ ነው።