ኢንፊኒባንዱ «ኢኒሻላይዚንግ» ላይ ቆሞ ከቀረ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ስምንት ኖድ (ማሽን) ያለው ክላስተር ላይ የኢንፊኒባንድ (ማሽኖቹን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያገናኝ ኔትወርክ) ካርዶቹን ገጥመሃል፤ ድራይቨሩም ያለ ምንም ስህተት ተነስቷል። ፖርቱ ግን «ኢኒሻላይዚንግ» ከሚለው አላልፍ ብሎሃል። አሁን ድራይቨሩን አጥፍተህ እንደ አዲስ ልትጭን ነው። እባክህ ቆይ፣ አትንካው። ካርዱ አይቢስታት (የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ ከታየ ድራይቨሩ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል።

አይቢስታት ላይ «ፊዚካል ስቴት» የሚለውን መስመር እይ። «ፖሊንግ» ካለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ጋ ነው፤ ነቅለህ ሰካው፣ እምቢ ካለ ቀይረው። ያንተ ግን «ሊንክ አፕ» ይላል፣ ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው። ከስሩ «ቤዝ ሊድ» ዜሮ ነው። ይሄ ማለት ለፖርቱ አድራሻ የሰጠው የለም። የጎደለህ ሰብኔት ማናጀር ነው።

ኤተርኔት የለመደ ሰው ይሄ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እዚያ ገመዱን ሰክተህ መብራቱ ከበራ ብዙውን ጊዜ አለቀ። ኢንፊኒባንድ ላይ ግን ለየፖርቱ አድራሻ የሚያድልና ዳታው በየት እንደሚያልፍ የሚወስን ፕሮግራም የግድ መኖር አለበት፤ ሰብኔት ማናጀር የሚባለው እሱ ነው። አንዳንድ ስዊች ውስጡ ይዞት ይመጣል። ያንተ ርካሹ ዓይነት ስለሆነ የለውም። ስለዚህ ኦፕን ኤስኤም የሚባለውን ሰብኔት ማናጀር ካርድ ባለው አንድ ኖድ ላይ ጫንና አስነሳው፤ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳም አድርገው። ወዲያው ስቴቱ «አክቲቭ» ይላል። ሌላ አንድ ኖድ ላይ ለመጠባበቂያ ብትጨምር ጥሩ ነው። ስምንቱም ላይ መጫን ግን አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚገጥምህን አሁኑኑ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ቀኑን የሚጨርሰው። ኤምፒአይን (አንድን ስራ በብዙ ኖዶች ላይ በጋራ የሚያስኬደውን) በስለርም (ስራዎችን ለኖዶቹ በሚያከፋፍለው ፕሮግራም) ስታስነሳው ሚሞሪ መቆለፍ አልቻልኩም ይልሃል፣ ወይም ድምፁን አጥፍቶ በኤተርኔት ይሄዳል። ካርዱ ሚሞሪውን በቀጥታ ስለሚያነብ፣ ያ ሚሞሪ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይቆለፋል። በኤስኤስኤች ገብተህ «ዩሊሚት»ን (ገደቦችን የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ስትጠይቅ «አንሊሚትድ» ቢልህ አትመነው። በስለርም የተላከ ስራ ገደቡን የሚወርሰው ከሌላ ቦታ ነው፤ በየኖዱ ስራውን ከሚያስነሳው ከስለርምዲ። የስለርምዲ ሰርቪስ ፋይል ላይ የሜምሎክ (የሚሞሪ መቆለፊያ) ገደቡን «ኢንፊኒቲ» አድርገው። ስለርም ስራውን የላክህበትን ማሽን ገደብም ይዞ ስለሚሄድ፣ የስለርም ኮንፊጉ ላይ ሜምሎክን ይዞ ከሚሄዳቸው ገደቦች አስወጣው። ከዚያ «ዩሊሚት»ን በኤስረን (ስራ በሚያስነሳው የስለርም ትዕዛዝ) በኩል ጠይቅ። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው እዚያ ነው።

አይፒኦአይቢን (የተለመደውን አይፒ በኢንፊኒባንድ ላይ የሚያስኬደውን) ለኤምፒአይ ብለህ አታዋቅር፣ ለዳታው አያስፈልገውም። ለፋይል ማጋሪያ ከፈለግከው ሌላ ነገር።

ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ፓኬጅ ከጫንከው ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) በራሱ አፕዴት እንዳይሆን ቆልፈው። የድራይቨሩ ሞጁሎች ለአንድ ከርነል ተሠርተው ከርነሉ ሲቀየር ጠዋት ኔትወርኩ የለም። የተለየ ፍላጎት ከሌለህ እኔ የምመርጠው ከሊኑክሱ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር ነው።

ስቴቱ «አክቲቭ» ካለ በኋላ በሁለት ኖዶች መካከል «አይቢ ራይት ቢደብሊው»ን (የፍጥነት መለኪያውን) አስኪድ። ካርድህ ባለ 100 ጊጋቢት ነው ብለሃል፤ 10 ጊጋቢት አካባቢ ብቻ ካሳየህ ኬብሉንና ካርዱ የተሰካበትን ፒሲአይ ስሎት አይተህ ውጤቱን እዚሁ ለጥፍልን።