«ሳ ቫ?» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ፦ ስለ ፈረንሳይኛ ሰላምታ

ሰላም እህታችን። ፈረንሳይ ገና መግባትሽ ስለሆነ ሱቅም ደረጃም ላይ ሰው ስታገኚ ምን እንደምትዪ፣ «ሳ ቫ?» ሲሉሽም ምን እንደምትመልሺ ጠይቀሻል።

ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» (ጤና ይስጥልኝ) ትቅደም። ዳቦ ቤት ገብተሽ በቀጥታ «አንድ ባጌት» ካልሽ፣ «እባክዎን» ብትጨምሪበት እንኳ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሻጯ ፊቷን ብታጠቁር ብዙ ጊዜ ፈረንሳይኛሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሰላምታው ስለቀረ ነው። አውቶቡስ ስትሳፈሪ ለሾፌሩ፣ ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ስትገቢ ለተቀመጡት ሁሉ፣ አሳንሰር ውስጥ ላገኘሽው ጎረቤትም እንዲሁ ነው። ለማታውቂው ሰው «ቦንዡር ማዳም»፣ «ቦንዡር ምስዩ» ብትዪ ያምራል (በድሮ አማርኛ «ሙሴ» የሆነው ይኸው «ምስዩ» ነው)። «ን»ን በምላስሽ አትርገጫት፤ ድምፁ በአፍንጫ ይውጣ።

በእነሱ 18 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን «ቦንስዋር» ይተካል። «ቦን ንዊ» ለመኝታ ብቻ ናት፤ ማታ ሱቅ ስትገቢ እንዳትዪያት። ጠዋት ሰላም ያልሽውን ሰው ከሰዓት ደግመሽ ካገኘሽው «ርቦንዡር» ትዪዋለሽ ወይም ፈገግ ብለሽ ታልፊያለሽ። «ቦንዡር»ን እንዳዲስ ብትደግሚ ጠዋት መገናኘታችሁን የረሳሽ ያስመስልሻል።

«ሳ ቫ?» ቃል በቃል «ይሄዳል?» ማለት ነው፤ መልሱም ራሱ «ሳ ቫ» ነው። ሲጠየቅ ድምፁ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፣ ሲመለስ ዝቅ ይላል። «ኤ ትዋ?» (አንቺስ?) ብለሽ መመለስ አትርሺ፤ ያለሷ መልሱ ጎደሎ ነው። «ቩ» (እርስዎ) ለምትዪው ሰው ጥያቄው «ኮሞን ታሌ ቩ?» (እንዴት ነዎት?) ነው፣ መልሱ «ትሬ ቢያን፣ ሜርሲ፣ ኤ ቩ?» (በጣም ደህና፣ አመሰግናለሁ፣ እርስዎስ?)። «ኮሞን» ብቻውን ሲነበብ የማትሰማው የመጨረሻዋ «ት» እዚህ ወደ «አሌ» ትሻገራለች።

አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ደህና ነኝ»ን እንዳለ ተርጉመን «ዥ ስዊ ቢያን» እንላለን፤ እነሱ ግን የሚሰሙት «ተመችቶኛል» የሚል ነገር ነው። ደህንነት በፈረንሳይኛ በ«መሄድ» ስለሚነገር ትክክሉ «ዥ ቬ ቢያን» ነው። ሌላው ድግግሞሻችን ነው። እኛ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች፣ ቤተሰብ እያልን እንሄዳለን፤ ለእነሱ አንድ ዙር ይበቃል። ሦስቴ «ሳ ቫ?» ብትዪው ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ያየሽ መስሎት ይደነግጣል። ቀኑ መካከለኛ ከሆነ «ፓ ማል» (መጥፎ አይደለም) በቂ ነው። ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ የምታገኚው «ኮም ሲ ኮም ሳ» (እንዲሁ ነው፣ መካከለኛ) በሰዎቹ አፍ ብዙም አይሰማም።

«ቱ» እና «ቩ»ን በእኛ አንቺና እርስዎ አትለኪ። እኛ ዕድሜን እናያለን፣ እነሱ ከሁሉ በላይ ቅርበትን ያያሉ፤ የሃያ ዓመት ሻጭም «ቩ» ናት። «ቱ» እንባባል እስኪሉሽ ድረስ በ«ቩ» ቆዪ። «ቱ»ን ስትዪ ከንፈርሽን ለ«ኡ» አሹለሽ ውስጥ ውስጡን «ኢ» በዪ፤ የ«ሳሉ» (የወዳጅ «ሰላም») መጨረሻም እንዲሁ ነው። «ሳሉ» ለወዳጅ ብቻ ናት፣ ስትገናኙም ስትለያዩም ታገለግላለች።

ጉንጭ ለጉንጭ የሚሳሳሙት «ቢዝ» ቁጥሩ እንደየአካባቢው ነው፤ በብዙ ቦታ ሁለት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ባለችው በሞንፔልዬ ከተማ አካባቢ ሦስት። ከየትኛው ጉንጭ እንደሚጀመርም ስለሚለያይ እነሱ ይምሩሽ። ከንፈር ጉንጭ አይነካም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። እጅ ከዘረጉልሽ ጨብጠሽ ቶሎ ልቀቂ።

ከሱቅ ስትወጪ «ቦን ዡርኔ» (መልካም ቀን) ይሉሻል። መልሱ «ቦንዡር» አይደለም፤ «ሜርሲ፣ ቩ ዞሲ» (አመሰግናለሁ፣ ለእርስዎም) ነው፣ ለወዳጅ ከሆነ «ትዋ ኦሲ»።