ካምቢዮው ሲወርድ እዚያው ቁሙ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ ወጣት ሹፌር አስቁሞኝ “ጋሼ፣ መካኒኩ በላኝ” አለኝ። ሚኒባሱን ከገዛ ዓመት አልሞላውም። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል) ካስቀየረ ሦስት ወሩ ነው። አሁን ሐረጎን ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። “ልከሰው ነው!” ይላል። ፊቱ ሲግል የድሮ ራሴን አየሁበት።

እኔ 31 ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ አብዛኛውን በአይሱዙ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ወልዲያ። ሐረጎን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። ይህን ሁሉ የምትወጡት ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ነው፣ ያውም ጠመዝማዛ። ፍሪሲዮን የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ ሸራ (የፍሪሲዮኑን ክብ ዲስክ) ካስገባሁ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሲሚንቶ ጭኜ መሀል ሐረጎ ላይ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። ነዳጅ ብሰጥ ጩኸት ብቻ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ባያደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። በማግስቱ ጋራዡ ሄጄ፣ ደንበኞቹ ፊት፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው “ሌባ!” አልኩት። እሱ “አብሽር ወንድሜ፣ አውርደን እንየው” ነበር ያለኝ። አልሰማሁትም።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ቡና ተፈላ። እኔ አወራሁ፣ እሱ አወራ፣ እኔ ደግሞ አወራሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዕድሜያቸው መኪና ነድተው አያውቁም። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና “ለመሆኑ ዕቃው የት አለ? እሱን ለምን አትጠይቁትም?” አሉ።

ካምቢዮው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን ለማየት መውረድ ያለበት የማርሽ ሳጥን፣ ሁላችንም ባለንበት ወረደ። ሌላ ጋራዥ የሚሠራ፣ ከሁለታችንም ጋር የማይነካካ መካኒክ ተጠርቶ ሸራውን በእጁ ያዘው። ዘይት የለበትም፤ ደረቅ ነው። ዙሪያውን እኩል ተበልቶ ሪቬቱ (ሸራውን የሚይዘው ሚስማር) ላይ ደርሷል። ቮላኖው (ሸራው የሚነክሰው የሞተሩ ክብ ብረት) ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጣል ጣል ብሎበታል። ሰውየው ቀና ብሎ “ግራ እግርህን የት ነው የምታሳርፈው?” አለኝ። ላቤ መጣ። ፔዳሉ ላይ ነዋ! ሁልጊዜ ነው፤ ልማዴ ነበር።

እግር ፔዳል ላይ ሲያርፍ ምንም የረገጣችሁ አይመስላችሁም። ውስጥ ያለው ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ግን መግፋቱን አያቆምም። ሸራው ሙሉ በሙሉ አይነክስም፣ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ያልቃል። ዳገት ላይ መኪናን በእጅ ፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝም ያው ነው። ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ ተሳፋሪ ስትጭኑ እግራችሁን ልብ በሉት።

የሰደብኩት መካኒክም ንጹሕ አልነበረም። ፔዳሉ ባዶውን የሚሄድባትን ያቺን ትንሽ ርቀት አላስተካከለም። ርቀቷ ከሌለች መዘዙ እግር እንደማሳረፍ ነው፤ ምልክቱም አንድ ዓይነት። ቮላኖውንም ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ወስጃለሁ ብሎ አስከፍሎኝ አልወሰደውም። ስለዚህ ሸራውን እኔ ልገዛ፣ የእጅና የቶርኖውን እሱ ሊችል ታረቅን። ከብሩ ይልቅ የከበደኝ የሰደብኩት ሰዎች ፊት ስለነበር ይቅርታውንም እዚያው፣ ደንበኞቹ ፊት መጠየቁ ነው።

(ልብ ካላችሁ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ቶርኖ የምንለው ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

ከዚያ ወዲህ የወረደ ሸራ ሳላይ አልፌ አላውቅም። ዘይት የጠጣ ከሆነ ጥፋቱ የእግራችሁ አይደለም። ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) እያፈሰሰ ነው። የሸራው ስፕሪንግ ከተሰባበረ ወይም ሸራው ተቦጫጭቆ ከወጣ፣ ዕቃው ፎርጅድ መሆኑን እጠረጥራለሁ። አለዚያም ሹፌሩ ፍሪሲዮን ሲለቅ በድንገት እየለቀቀ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ፣ ረከሰ ብላችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ግን መካኒኩ ስለ እጁ እንጂ ስለ ዕቃው አይጠየቅም። እሱ ከሱቁ ኮሚሽን ይዞ ካስገዛችሁ ሌላ ወሬ ነው።

ስታስቀይሩ እዚያው ቁሙ። ሥራ አለብኝ አትበሉ፤ ግማሽ ቀን ነው። የወረደውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ አሮጌውን ሸራ በፌስታል ወደ ቤት ውሰዱት። ምን ተቀየረ፣ ምን ቀረ፣ ዕቃውን ማን ገዛ የሚለውን በብጫቂ ወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ደረሰኝ ደግሞ መብታችሁ ነው፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ለሰጠው አገልግሎትም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት ይቅርባችሁ። አዲስ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪግባባ ጊዜ ይፈልጋል።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ሜዳ ቦታ ወሰድኩትና የእጅ ፍሬን አስያዝኩት። አራተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ደህና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ቀጥ ብሎ በጠፋ ነበር። አልጠፋም። መካኒኩ ዘንድ አብረን ሄድን፣ ካምቢዮው ወረደ፣ ሸራው በዘይት ረጥቧል። ልጁ “ይኸው!” ብሎ ጮኸ። መካኒኩ አልመለሰለትም። ከኪሱ ስልኩን አወጣና ከሦስት ወር በፊት ያነሳውን ፎቶ ከፍቶ አሳየኝ። ያው ፓራኦሊዮ፣ ያን ጊዜም እርጥብ።

“ነግሮህ ነበር?” አልኩት ልጁን።

መሬት መሬት አየ። “ነግሮኛል ጋሼ። የዚያን ቀን ብሩ አልበቃኝ ብሎ፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ አልኩት።”