«የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?»፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በዚህ ክረምት ወደ ዓምዱ ከደረሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቫይታሚን፣ ስለ አይረን፣ ስለ ዓሣ ዘይትና በየሱቁ ስለሚሸጡ የምግብ ማሟያዎች ናቸው። ከጅማ ከተማም ከአጋሮም ተጽፎልኛል። የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ። ማሟያ የሚጠቅመው የጎደለ ነገር ሲኖር ነውና «የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ የጎደለው ምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። መልሶቼን ስታነቡ ይህን አስታውሱልኝ።

«የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝ የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ያቅለሸልሸኛል፤ ሰገራዬንም አጠቆረው። ጎረቤቴ እሱን ትተሽ ከውጭ የመጣ ቫይታሚን ግዢ ትለኛለች። ለመሆኑ ጤፍ እየበላን እንዴት ደም ያንሰናል?» (ከፈረንጅ አራዳ)

እኅቴ፣ ኪኒኑን አትተይው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር እናት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጥሽም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከውጭ ከሚመጡት ባለ ብዙ ቫይታሚን እንክብሎች ብዙዎቹ የያዙት አይረን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት በብዛት የያዙም ይገኛሉ፤ ይህ ደግሞ በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ሲበዛ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ጎረቤትሽ የመከረችሽ አዝናልሽ ነው፤ ምክሯ ግን ለአንቺ አይሆንም።

የሰገራ መጥቆር አይረን የሚወስድ ብዙ ሰው የሚያየው ነገር ነውና አያስፈራሽ። ለማቅለሽለሹ ኪኒኑን ማታ ከመተኛትሽ በፊት ወይም ጥቂት ምግብ ቀምሰሽ ሞክሪው። ሆድሽ ከደረቀ ውሃና ፓፓያ አብዢ። በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ ብትውጪው ደግሞ ሰውነትሽ አይረኑን ይበልጥ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ቡናችን ልምጣ። ቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አይረንን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን አይረን በ39 በመቶ ቀንሶታል። ሻይ ከዚህም የባሰ ነበር። እኛን የሚመለከተው ሌላው ግኝት ነው፦ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አላጎደለም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ ከተጠጣው እኩል አጉድሏል። እኛ ቤት ደግሞ ምሳ ተበልቶ ማዕዱ ሲነሣ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው። ጅማ ተቀምጦ ነፍሰ ጡርን «ቡና አትጠጪ» ማለት አልወድም፤ ነገር ግን ቡናውን ከምሳ በፊት አፍልታችሁ፣ ከአቦሉ ይልቅ ቶናውን ወይም በረካውን ብትቀምሺ፣ ኪኒኑን ደግሞ ከቡና ርቀሽ ማታ ብትወስጂ ሁለቱም ሳይጣሉ ይኖራሉ።

ስለ ጤፍ ያነሣሽው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው። ጤፍ በእርግጥ አይረን አለው፤ በአንዳንድ ምርመራዎች ላይ እጅግ ከፍ ብሎ የሚታየው መጠን ግን ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም አይረኑን አሥሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ የቆየ ሊጥ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። ከወጡ አጠገብ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይኑር። የደም ማነስ መነሻው ሁልጊዜ ምግብ ብቻ አለመሆኑንም አስቢ፤ በጅማ ዙሪያ የአንጀት ትላትልና ወባም ደም ያሳንሳሉና በክትትልሽ ቀን የደምና የሰገራ ምርመራ ጠይቂ።

አንድ የማልተወው ነገር፦ የአይረን ኪኒን ለሕፃን መርዝ ነው። ከረሜላ መስሎት የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። ቆልፈሽ አስቀምጪው።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከወራት ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ትምህርቱም ጓደኛም ደስ አይለኝም። ለማጥናት ጫት እቅማለሁ። አንድ ልጅ አእምሮ ያድሳል ብሎ የዓሣ ዘይት፣ ማግኒዝየምና ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ተክል ያለበት እንክብል ሊሸጥልኝ ነው። ልውሰደው?» (ከጅማ)

ወንድሜ፣ መጻፍህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የገለጽከው ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ድብርት ደግሞ የሚታከም ሕመም ነው። እንክብሉ ሕክምናውን እንዳያዘገይብህ እሰጋለሁ።

የተጠናውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ የአውሮፓ ጥናት ለድብርት የተጋለጡ፣ ክብደታቸውም ከፍ ያለ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሊክ አሲድና ሴሌኒየም የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ባነሰ አልታመሙም። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የታተመው ደግሞ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 18,353 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ የተከታተለ ነበር፤ ቫይታሚን ዲ ድብርትን አልተከላከለም። የዓሣ ዘይት ከመደበኛ ሕክምና ጋር ሲሰጥ ለአንዳንድ ሕሙማን መጠነኛ እገዛ እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች መኖራቸውን አልደብቅህም። ነገር ግን ሁሉም ከሕክምናው ጎን የሚቆም ድጋፍ ነው።

ሴንት ጆንስ ዎርት ግን ያሳስበኛል። ተክሉ ለቀላል ድብርት ይጠቅማል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ችግሩ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት መጨመሩ ነው። በዚህ ምክንያት የወሊድ መከላከያ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ሐኪም እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ቢያዝልህና ሁለቱን አብረህ ብትወስድ ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ከመጠን በላይ ይከማችና ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለጓደኞችህም ንገርልኝ፤ ተክል ስለሆነ አይጎዳም ብለው የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው።

ጫቱን ሳላነሣ ባልፍ አንተን መዋሸት ይሆንብኛል። ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ አለው። እንቅልፍ ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ ድባቴ ያመጣል። ማታ ቅሞ፣ ሌሊት ነቅቶ፣ ጠዋት ቡና ደራርቦ የሚውል ሰው አንጎሉ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም፤ ማግኒዝየምም ይህን አይጠግንም። በአንድ ጊዜ ተወው አልልህም። መጀመሪያ የሌሊቱን አስቀር፤ ቡናህንም ከቀትር በፊት ጨርስ፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታልና።

ከዚያ በጅማ ሕክምና ማዕከል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ። ከተማችን ለዚህ የታደለች ናት፤ ባለሙያዎቹ እዚሁ ይሠለጥናሉ፣ እዚሁም ያክማሉ። እዚያ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) እና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ቢደረግልህ ደስ ይለኛል፤ እነዚህ ሲጓደሉ ድብርት የሚመስል ስሜት ያመጣሉ። ሕይወትህን ስለማጥፋት አስበህ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገርና ወደ ድንገተኛ ክፍል አብራችሁ ሂዱ።

«58 ዓመቴ ነው። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አጽዋማቱንም አላጓድልም። እግሬ ይደነዝዛል፣ እንደ መርፌም ይወጋኛል። የምገዛው ቢ ኮምፕሌክስ ይበቃኛል?» (ከአጋሮ)

አባቴ፣ የእግር መደንዘዝ ስኳሩ ራሱ ነርቭን ሲጎዳ ይመጣል፤ ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም ይመጣል። ምልክታቸው ስለሚመሳሰል በምርመራ ካልሆነ አይለዩም። እርስዎ ለቢ12 ማነስ የሚያጋልጡ ሁለት ምክንያቶች አሉዎት። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 በበቂ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ደግሞ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው፤ በሽሮና በምስር ወጥ የለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው።

የያዙት ቢ ኮምፕሌክስ ምን ያህል ቢ12 እንዳለው ጀርባውን አስነብቡት። አንዳንዱ ቢ12 አንሶበት ቢ6 የበዛበት ነው፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከሆነም የደሙን ማነስ አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ሸፍኖ ያቆየዋል። ስለዚህ ሐኪምዎን የቢ12 ምርመራ ይጠይቁ። ሜትፎርሚኑን በራስዎ አያቋርጡ። ጉድለቱ ከተረጋገጠ በኪኒን ወይም በመርፌ ይሞላል። በጾም ወቅት ስለ መውሰዱ ቅር የሚልዎት ነገር ካለ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እስከዚያው በየማታው እግርዎን ይመልከቱ፤ በባዶ እግር አይሂዱ፤ የደነዘዘ እግር ሳይሰማው ይቃጠላልና ምድጃ ዳር አያሙቁት።

«አሠልጣኜ የፕሮቲን ዱቄት ካልገዛህ ጡንቻ አታወጣም ይለኛል።» (ከመንቲና)

ታወጣለህ። ክብደት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያህል ይበቃዋል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አላቸው፤ ባቄላ፣ ምስርና አይብ ሲጨመሩ ይሞላል። ቆጮ የምታዘወትር ከሆነ ግን ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ያለ አይብ ወይም ያለ ጥራጥሬ አትብላው። ዱቄቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የኩላሊት ችግር ካለብህ ግን ሐኪም ሳታማክር አትጀምር።

«የአክስቴ ልጅ ከውጭ የሚመጣ ማሟያ ትሸጣለች። ደም ግፊትም፣ ስኳርም፣ ጨጓራም ይፈውሳል ብላ እናቴን የግፊት ኪኒኗን አስጥላታለች። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ትላለች።» (ከሕርማታ)

ዛሬውኑ እናትሽን ጤና ተቋም ወስደሽ ግፊቷን አስለኪ፤ ኪኒኗንም ሐኪሙ በሚላት መሠረት ትመለስበት። የግፊት ኪኒን ሲቋረጥ ግፊቱ ያለ ምንም ሕመም ይወጣና በአንድ ቀን አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ሳነብ እጄ የተንቀጠቀጠው። ሰው ሠርቶ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ የአክስትሽ ልጅም እናትሽን ልትጎዳ አስባ አይደለም። ሆኖም የታዘዘ መድኃኒት የሚያስጥል ሻጭ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ዝም ሊባል አይገባውም።

«ሁሉን ይፈውሳል» የሚል ማሟያ ሲያጋጥማችሁ ጥርጣሬያችሁ ከዚያው ይጀምር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእንዲህ ያሉ «ተፈጥሯዊ» እንክብሎች ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ እውነተኛ መድኃኒቶችን በተደጋጋሚ አግኝቷል፤ ከእነዚህም አንዱ ለወንዶች የሚታዘዘው ሲልዴናፊል ነው። የንጹሕ ቫይታሚን ነገርም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የፊንላንድ ጥናት ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶችን ተከታትሏል። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት፣ ይጠብቃቸዋል ሲባል፣ የሳንባ ካንሰራቸው በ18 በመቶ ጨመረ።

የአገራችንም ከዚህ አይለይም። አብሽ የደም ስኳር ያወርዳል፤ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲበዛ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል። ጥቁር አዝሙድም የግፊትና የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው እንደዚሁ ጥንቃቄ ያሻዋል። በወጥ ውስጥ ያለው አያስጨንቅም፤ በማንኪያ እየተለካ እንደ መድኃኒት ከተወሰደ ግን ለሐኪም ይነገር።

ማሸጊያው ላይ የአምራቹና የአስመጪው ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መኖሩን እዪ። ጥርጣሬ ካለሽ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውለሽ ጠይቂ።

«ልጄ ሁለት ወሩ ነው። በክረምቱ ፀሐይ አላየም። በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ይበቃዋል?» (ከቆጪ)

አይበቃውም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያግደዋል። የእናት ጡት ወተት ለሁሉም ነገር ተወዳዳሪ ባይኖረውም ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ነው ያለው። ሰማዩ ሲገለጥ እጁንና እግሩን ገልጠሽ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ አውጪው፤ እንዳይቃጠል ግን ተጠንቀቂ። በጅማ ክረምት ለሳምንታት ደመና ሲሆን ለሕፃን በቀን 400 ዓለም አቀፍ አሃድ የሚሰጥ ጠብታ አለ። አንዳንዱ ጠርሙስ ይህን በአንድ ጠብታ፣ ሌላው በአንድ ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ ፋርማሲስቱ ጽፎ ይስጥሽ። ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርግና ይጎዳዋል።

«ለፀጉሬ ቢዮቲን እወስዳለሁ። ከታይሮይድ ምርመራዬ ጋር ይገናኛል?» (ከጅማ)

በጣም ይገናኛል፤ እንኳን ጠየቅሽ። ቢዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው፤ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስትና ጤነኛውን ታይሮይድ የታመመ ያስመስለዋል። ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) ለመለየት የሚደረገውን ትሮፖኒን የተባለ ምርመራም በሐሰት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ደም ከመስጠትሽ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው፤ የምትወስጂውን መጠንም ለሐኪሙና ለላቦራቶሪ ባለሙያው ንገሪያቸው። የፀጉር መሳሳት ራሱ ከታይሮይድ ወይም ከአይረን ማነስ ሊመጣ ስለሚችል፣ የምርመራው ውጤት እስኪደርስ አዲስ ጠርሙስ አትግዢ።